ዘጠነኛው መደብ

«ዘንድሮ የኛን መደብ ተዉት። ሰውዬው እየሰረቀ ይበላል።»

ዳኘ ይህን የሰማው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የሚስማር ካርቶን ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን ጫማ ውስጥ ለማስገባት ሲታገል ነው። የተናገረችው ሚስቱ አስካለች ናት። የምትነግረው ለኃይለ ማርያም፣ ለመስቀል በሬያቸው ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ይህን ማኅበር ሀዲያዎቹ ቱታ ይሉታል፤ ሆሳዕና የከረመ ጉራጌም ከምባታም ከነሱ ወስዶ ቱታ ይለዋል። ዘጠኝ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅምና ለመስቀል አንድ በሬ ገዝቶ፣ አርዶ፣ ዘጠኝ ቦታ መድቦ በዕጣ ይካፈላል። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ቱታው ከተመሠረተ ጀምሮ መደቡ የተሰረዘበት ሰው የለም። የሞተ እንኳ ቢኖር መደቡ በሚስቱ ስም ይቀጥላል እንጂ አይነሳም። አሁን ዳኘ በቁሙ፣ ያውም በገዛ ሚስቱ አፍ፣ ከመደብ ሊወጣ ነው።

ኃይለ ማርያም ከባንኮኒው ወዲያ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። «እንዴ አስካለች! እሱ ባይበላ እናንተ ትበሉታላችሁ። እንግዳ አለባችሁ፣ የልጅ ልጆች አሉ።»

«ሥጋ ወደ ቤት ከገባ እሱ አይተወውም። እግሩን አላየኸውም? ሪህ ጎመን የሚበላን ሰው ይይዛል? መርፌውን ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር ይጨምሩለታል፣ ስኳሩ ግን ንቅንቅ አይልም። የሆነ ቦታ የሚበላው ነገር አለ። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ አልገድለውም።»

አንድ ደንበኛ ገብቶ የቆርቆሮ ሚስማር ጠየቀ፤ አስካለች መዝና ሰጠችው። ሰውየው ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

«እሺ፣ ስምንት እናደርገዋለን» አለ ኃይለ ማርያም በመጨረሻ። «መመደቡን ግን እሱ ይመድብልን። ሰው የለንም።»

«ይመድብ። ዓይናችሁን ብቻ ከሱ እንዳትነቅሉ።»

እውነቱን አንባቢ አሁኑኑ ቢያውቀው ይሻላል፤ ዳኘ አልሰረቀም። አምና ልክ በመስቀል ሰሞን ፊቱና እግሩ አብጦ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ ስንት ዓመት አብሮት የኖረው የስኳር በሽታ ኩላሊቱን እንደነካው ነግረው ሥጋ ከለከሉት። በክትፎ ያደገ የጉራጌ ልጅ ሥጋ ይተዋል ብሎ ያመነ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ተወ። ከገበያው ሥጋ ቤቶች ፊት ሲያልፍ መንገድ ይሻገራል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጎረቤት ልጅ ክርስትና ላይ የሰጡትን ብስኩት ግማሹን በልቷል፤ እሱንም ማታ ራሱ ነው ለአስካለች የተናገረው። ምነው ባልተናገረ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግብ ቁም ሳጥኑ ተቆለፈ፣ ቁልፉም በነጠላዋ ጫፍ ታሰረ። ስኳሩ ተለክቶ ቁጥሩ ከፍ ሲል አስካለች አትናገርም። ቁጥሩን አየት፣ እሱን አየት ታደርግና ወደ ጓዳ ትገባለች። ዳኘን ከሪሁም ከመርፌውም ይልቅ የሚያመው ይህ አየት አየት ነበር።

ኃይለ ማርያም እንደሄደ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እንደወትሮዋ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ከሚሪንዳውና ከአምቦ ውኃው ጀርባ ኢንሱሊኑን አወጣች። ሱቁ የሚሸጠው ሚስማርና ገመድ፣ ባልዲና ማጠፊያ ነው፤ ማቀዝቀዣው የተገዛው ለኢንሱሊኑ ሲሆን ለስላሳው የመጣው እንዲያው ባዶውን ከሚቆም ተብሎ ነው። ብልቃጡን በሁለት መዳፎችዋ መሃል አንከባለለች፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ሳበች፣ ሸሚዙን ገለጠችና የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ይዛ ወጋችው። እጅዋ ከነርሶቹ እጅ ይቀላል፤ መውጋቷንም ሳያውቅ ያልቃል። ከዚያ የገብስ ቂጣና ጎመን አቀረበችለትና ከፊቱ ተቀመጠች። ድሮ ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። አሁን የሱ ሳህን ብቻውን ነው፣ እሷም እሱ ሳይጨርስ አትበላም። ሰማሁሽ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ሰማሁሽ ካላት በኋላ ምን እንደሚከተል አላወቀም።

«ቀጠሮህን እንዳትረሳ» አለችው።

«አልረሳም።»

ያን ጠዋት የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው። ዳኘ የአሮጌ ጫማውን አፍንጫ በምላጭ ቆርጦ ያበጠውን አውራ ጣቱን በዚያ በኩል አወጣና እያነከሰ ወጣ።

የሆስፒታሉ ተራ መጠበቂያ ሞልቷል። ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ገና መግባቱ ነው፤ ሚሊኒየም ሊሆን አንድ ዓመት ቀረው እየተባለ በየሬዲዮው ይወራል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተደረደረው በሽተኛ ግን የሚያወራው ስለ በሬ ነው። አንዱ በሬ አራት ሺህ ገባ ይላል፣ ሌላው የሞርሲቶ ቅቤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተወደደ ይላል፣ ከሆመቾ የመጣች አንዲት እናት ደግሞ ደም ግፊቷን ረስታ ስለ ዳጣዋ በርበሬ ታወራለች። ዳኘ ጨዋታ ይወድ ነበር። ገበያ ለገበያ ዞሮ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅበትም። ያን ዕለት ግን ጎኑ ያለው ሰው «የናንተ በሬ ስንት ገባ?» ቢለው ካርዱን ማገላበጥ ጀመረ። የናንተ የሚለው ቃል ደረቱ ላይ ተቀመጠበት።

ዶክተር ሱምያ ወጣት ናት፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ ታስራለች፣ ስትናገርም በሽተኛውን እንጂ ካርዱን አታይም። ዳኘ ገና ከመቀመጡ፣ የላቦራቶሪውን ውጤት ሳትከፍተው፣ «አልበላሁም ልጄ» አላት።

«ማን በሉ አለዎት ጋሽ ዳኘ?»

እሷም ውጤቱን አይታ፣ ጎንበስ ብላ ጣቱን በስሱ ነካካችና ቀና አለች። «ስኳርዎ አልወርድ ያለው ስለበሉ አይደለም። የኢንሱሊን ሥራው ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። የእርስዎ ሰውነት ግን ኢንሱሊኑን አልሰማ ብሏል። መጠኑን እየጨመርን የመጣነው ለዚህ ነው።»

«እግሬስ? ሪህ የሥጋ በሊታ በሽታ ነው ይላሉ እኮ።»

«ዩሪክ አሲድ የሚባል ቆሻሻ አለ። ሥጋ ያበዛዋል፣ እውነት ነው፤ ባይበሉም ግን ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። ጤነኛ ኩላሊት በሽንት ያወጣዋል። የእርስዎ ስለደከመ ደም ውስጥ ቀረ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ገባና ይኸው አሳበጠ። ለእብጠት የሰጠንዎት የሽንት ክኒንም ሳያግዘው አልቀረም። ደግሞ ኢንሱሊን አልሰማ ያለ ሰውነት ዩሪክ አሲዱን ይበልጥ ያስቀረዋል፣ ዩሪክ አሲዱ ሲበዛም አለመስማቱ ይብሳል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

ዳኘ ከዚህ ሁሉ የያዘው የመጨረሻዋን ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንባውን በመሐረብ ጠርጎ፣ እንደገና ጠርጎ፣ «ይህን ለሚስቴ ይነግሩልኛል?» አላት። «ያምጧታ!» አለች ሱምያ። ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀር የቤት እመቤት ከቤት እንደማትወጣ ሁለቱም ስለሚያውቁ ነገሩ በዚያው ቀረ።

«ኩላሊቴስ?» አለ ዳኘ፣ መሐረቡን ወደ ኪሱ እየመለሰ።

ሱምያ ውጤቱን አጥፋ አስቀመጠች። «ያለውን እናቆያለን እንጂ የሄደውን አንመልስም። ጨው ይቀንሱ። ሥጋ፣ በተለይ ጉበትና ኩላሊት፣ አንድ ጉርሻም ቢሆን አይቅመሱ። አሁን ሪሁ ተነሥቶ ባለበት ሰዓት አንድ ጉርሻም ብዙ ነው። ክኒኑን እቀይርልዎታለሁ።»

«ካልቆየስ?»

«እጥበት አለ። አዲስ አበባ ነው ያለው።»

የአዲስ አበባን እጥበት ዳኘ ያውቀዋል። አጠገቡ ሱቅ የነበረው ሰው ለእሱ ብሎ ሄዶ አልተመለሰም። ሌላ አልጠየቀም፤ ተነሥቶ አመሰገናት፣ ለመስቀል እንኳን አደረሰዎት ስትለው ጊዜም አሜን ብሎ ወጣ።

በሩ ላይ ሙክታር በባጃጁ ቆሞ ጠበቀው። ሙክታር ድሮ ኤንትሬ የሚባለውን ትልቁን የጭነት መኪና ይነዳ የነበረ፣ በዚያ መኪና ላይ ዳኘን ከነጨርቁ ጭኖ ሆመቾ፣ ሞርሲቶ፣ ሺንሺቾ እያዞረ ያስረጀው ጓደኛው ነው። አሁን መኪናውን ሸጦ፣ ግዙፍ ገላውን ባጃጅ ውስጥ አጣጥፎ ከተማ ውስጥ ይሠራል። መኪናው አነሰ እንጂ መንዳቱን አልተወም። «ወዴት?» አለው። «ቤት ነው?»

ቤት ሊለው አስቦ ነበር። ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ በልቡ ደጋግሞ እያጠና ነው የወጣው። ግን ቤት ሄዶ፣ ሚስቱ ፊት ቆሞ፣ እንደ ተከሳሽ ቃል ሊሰጥ መሆኑን ሲያስብ ሐሳቡን ለወጠ። ከሐኪም ሰማሁ ቢላትስ ታምነዋለች? ሐኪሟ አንተ የነገርካትን ነው የነገረችህ ትለዋለች። «ጎፈር ሜዳ፣ ኃይለ ማርያም ግቢ» አለ። «በሬ እየታረደ ነው። እኔ ነኝ የምመድበው።»

ሙክታር ነገር እንዳለ ከድምፁ አወቀ። እስኪነግረውም ቀስ ብሎ ነዳ። ዳኘም ነገረው፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሰማውን ሳያስቀር። ነግሮ ሲጨርስ ሙክታር በሳቅ ፈነዳ፤ ባጃጇ አብራው ተንቀጠቀጠች። «አንተ! ያኔም እኮ ሌባ ብላ ነው የጀመረችህ!»

እውነቱን ነው። ሺንሺቾ ገበያ ላይ ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ኮረኮንች እንኳ አይባልም፤ ክረምት ሲገባ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ያድርና ነጋዴው ሁሉ ወርዶ ይገፋል፣ እየገፋም ይዘፍናል። ሥጋ የሚለያያቸው ክርስቲያኑ ዳኘና እስላሙ ሙክታር ሆመቾ ሲደርሱ በቆጮና በአይብ ይገናኛሉ፣ ከአንድ ቅጠል ላይ ይበላሉ፣ ከዚያ ሞርሲቶ ደርሰው ቅቤው በየቅሉ ሲደረደር ከሩቅ ያሸቱታል። ዳኘ ያን ጊዜ ቀጭን ነበር፣ ሻሽ በትከሻው ደርድሮ ገበያውን ሲዞር የከምባታ ቆነጃጅት ይከተሉታል። ከነሱ አንዷ አስካለች ነበረች። ቀይ ሻሽ ገዛችው። ሻሹ በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙን ነጭ ቀሚስዋ ላይ ለቀቀ። በሚቀጥለው ገበያ ሰው ሁሉ እያየ የመኪናው ጭነት ላይ ወጣችና ቀሚስዋን ዘርግታ «ይኸ ሰውዬ ሌባ ነው!» ብላ ጮኸች። ዳኘ አፈረ። ቀለሙ እንደማይጸና ያውቅ ነበርና። ሁለት አዲስ ሻሽ ሰጣት። አንዱን ወስዳ አንዱን መለሰችለት፤ የተበደልኩት አንድ ነው ብላ። ሙክታር ማታ ሲመለሱ መሪውን ይዞ፣ ይህችን ካላገባህ ሰው አይደለህም አለው። ዳኘም በዓመቱ ሽማግሌ ላከ።

«ያኔ እውነቷን ነበር» አለ ዳኘ አሁን፣ በባጃጁ ፕላስቲክ መስኮት ወደ ውጭ እያየ። «አሁን ግን አልሰረቅሁም ሙክታር። ወላሂ አልሰረቅሁም።»

ክርስቲያን ሆኖ ወላሂ ሲል ሙክታር አልሳቀም።

የኃይለ ማርያም ግቢ ውስጥ በሬው ታርዶ ተገፏል። ከእንሰቱ ጥላ ሥር ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ሥጋው በየብልቱ ተከምሯል፤ ሻኛው ብቻውን፣ ጎድኑ ብቻውን፣ ሽንጡ፣ ታፋው፣ የሆድ ዕቃው በባልዲ። ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዙሪያውን ቆመዋል። ዳኘ ሲገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰላምታ ሰጡት፣ ከልክ በላይ ሰጡት፣ ከዚያም ሁሉም ወደ ሥጋው ዞሩ። ለእግሩ ብለው በርጩማ አቀረቡለት። እንዲመድብ የሚፈልጉት በምክንያት ነው። አምና እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ወንዳፈረው የሚባለው ግንበኛ መድቦ፣ አንዱ አጥንት ብቻ ደረሰኝ፣ ሌላው ሻኛ አጣሁ ብሎ፣ ዘጠኙ ቤት እስከ ጥምቀት ተኳርፎ ከርሟል። ወንዳፈረው ራሱ እስከ ዛሬ ድረስ አልተጽናናም።

«ስንት ልመድብ?» አለ ዳኘ ቢላውን ሲስል፣ እያወቀ።

«ስምንት» አለ ኃይለ ማርያም፣ መሬት መሬት እያየ።

«እንዴት ስምንት?» አለ ወንዳፈረው። «ዘጠኝ አይደለንም እንዴ? መቁጠርም ለኔ ብቻ ነው የሚከለከለው?»

ኃይለ ማርያም ዳኘን በጎን አየት አደረገው። የአስካለችን ስም ሊያነሳ እንደሆነ ዳኘ ገባው። ሰው ፊት ስሟ በዚህ ነገር እንዲነሳ ደግሞ አልፈለገም፤ ምን ያህል ቢናደድባት ያንን አልፈለገም። «ስምንት ነው» አለ ራሱ። «ዘንድሮ እኔ የለሁበትም። ሐኪም ከልክሎኛል፣ በከንቱ ምን ያደርግልኛል።» ዳኘ ጎንበስ ብሎ ሻኛውን ለስምንት መሸንሸን ጀመረ።

መመደብ ይወዳል። ቱታውን የመሠረቱት ሟቹ አቶ ላምቤቦ፣ የሆሳዕና ጥንት ነዋሪ፣ ያስተማሩት ሙያ ነው። ከያንዳንዱ ብልት ለሁሉም ማዳረስ፣ አጥንቱ የበዛበትን በጮማ መካስ፣ መደብ አይቶ የማን ይሆን ብሎ አለማሰብ፤ ዋናው ይህ የመጨረሻው ነው ይሉት ነበር። በየዓመቱ በዚህች ዕለት ግቢው ሙሉ በጨዋታ ይደምቅ ነበር፤ ዳኘ እየመደበ የሺንሺቾን ጉድ ያወራል፣ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ አቶ ላምቤቦ ከእንሰቱ ሥር ጋቢያቸውን ለብሰው በሀዲይኛ ይቀልዳሉ፣ ያልገባው እንኳ ይስቃል። ዘንድሮ የሚሰማው ቢላው ብቻ ነው። ዳኘ ያ ዘመን ናፈቀው፤ ከዚህ ጓሮ ሳይነሳ የዚህ ጓሮ ናፍቆት ያዘው። የሥጋው ሽታ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዓመት ሙሉ ያልቀመሰ ሰው አፍንጫው ሥር ሞቃት ሥጋ ይዞ ተቀምጧል፤ ምራቁ ይሞላል፣ ይውጠዋል፣ ይሞላል።

ስምንቱ መደብ አለቀ። ሰዎቹ ዞረው አዩት፣ አንድም ሰው ይህ ከዚህ ያንሳል የሚል አልተገኘም። ከዚያ ዳኘ እንደልማዱ እጁን ወደ ባልዲው ሰዶ የበሬውን ኩላሊት አወጣና ከላዩ አንድ ቁራጭ ሸረፈ። ሸርፎ ካነሳው በኋላ ነው ምን እንደሆነ ያስታወሰው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

በዚህ ቱታ ሕግ መደብ ካለቀ በኋላ፣ ዕጣ ከመጣሉ በፊት፣ የመደበው ሰው ሁሉ እያየው አንድ ቁራጭ ኩላሊት አንስቶ «በዚህ ቢላ ያዳላሁት፣ የሰረቅሁትም ካለ ይነቀኝ» ብሎ ይውጣል። የምስክር ቁራጭ ይባላል። አቶ ላምቤቦ የደነገጉት ነው። ምስክሩ ሳይበላ ዕጣ ተጥሎ አያውቅም። ስንት ዓመት ዳኘ በልቶታል፣ በደስታ ነው የበላው፤ ዛሬ ግን ማንም ይህን አላሰበበትም፣ ኃይለ ማርያምም፣ ራሱ ዳኘም። ሁሉም ያቺን ቁራጭ አዩ። ቀጥለው ደግሞ የተቆረጠ ጫማውን፣ በዚያ በኩል የወጣውን ቀይ ጣቱን አዩ።

«ተወው ዳኘ» አለ ኃይለ ማርያም። «ዘንድሮ ያለሱ እንጣለው።»

«ያለ ምስክር ዕጣ?» አለ ወንዳፈረው። «አምና እኔን አንቆኛል ብላችሁ እስክትስቁብኝ ድረስ አስበልታችሁኛል። ላምቤቦ ከመቃብር ይነሣሉ! ወይ ይብላ፣ ወይ የሚምልለት ሰው ይብላለት።»

ሌሎቹ ይህን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። የሚምልለት ሰው መብላቱ የተፈቀደ ነው፤ አቶ ላምቤቦም ጥርሳቸው ከሄደ ወዲህ ልጃቸው ይበላላቸው ነበር። ኃይለ ማርያም ወደፊት ሊል ሲል ነው ዳኘ ቀና ብሎ አስካለችን ያያት። ከግቢው በር ላይ ቆማለች። መርፌ ተወግቶ ምሳውን ካልበላ እንደሚያዞረው ስለምታውቅ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ መጥታለች። ምን ያህል እንደቆመች አይታወቅም። ሴት ወደ መደቡ አትጠጋም፣ እሷም ከበሩ አላለፈችም።

ዳኘ ቁራጩን በቢላው ጫፍ እንደያዘ ተነሥቶ እያነከሰ ወደሷ ሄደ። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁለት።

«አስካለች» አላት። «ጠዋት ሰምቻለሁ።»

ፊቷ ተለወጠ። ሳህኑን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አላዳላሁም። አልሰረቅሁም። እዚህም፣ ቤትም። ካመንሽኝ ይህን ብዪልኝ። ካላመንሽኝ ለውሻ ጣይው፣ ዕጣውን ሌላ ሰው ምሎ ያስጥላቸዋል።»

አስካለች ቁራጩን አላየችም። ያየችው እሱን ነው። በእጁ ሥጋ ይዞ፣ አጠገቡ ስምንት መደብ ሥጋ ተከምሮ፣ የሚከለክለው አንድ ሰው ሳይኖር፣ እንዲያውም ሕጉ ብላ እያለው ቆሟል። ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ወጣ ወረደ፤ ደግሞ ወጣ ወረደ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታበላ የኖረች ናት። የጠገበና የተራበ ሰው ምግብ ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን ለይታ ታውቃለች። በድብቅ ሥጋ ሲበላ የከረመ ሰው ሥጋ ፊት እንዲህ አይሆንም። እንዲህ የሚሆነው ዓመት ሙሉ የጾመ ሰው ነው። ይህን እስከ ዛሬ ያላየችው ሥጋና እሱን አብራ አይታ ስለማታውቅ ነው፤ ቆልፋበት ነበርና።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ አፏን ከፈተችለት። ዳኘ ቁራጩን ከቢላው ጫፍ በጣቱ አንስቶ አጎረሳት። ጥሬ ኩላሊት ወዳ አታውቅም። አላመጠች፣ ብዙ አላመጠች፣ ግቢው ሙሉ ወንድ ቆሞ ያያታል፤ ከዚያ ሁሉም እያየ ዋጠችው።

«በዚህ ቢላ ያዳላው፣ የሰረቀውም ካለ እኔን ይነቀኝ» አለች ጮክ ብላ።

ወንዳፈረው ኮፍያውን ገልብጦ ዕጣ ለመጣል አዘጋጀ። እያንዳንዱ የየራሱን ምልክት፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ጠጠር፣ ወደ ኮፍያው መጣል ጀመረ። አስካለች ግን ከበሩ አለፈች። በሴት ተረግጦ የማያውቀውን ቅጠል ጫፍ ረግጣ ቆመችና መደቡን በጣቷ ቆጠረች።

«ዘጠኝ ነን» አለች። «አፍርሱት።»

«እንዴ አስካለች!» አለ ኃይለ ማርያም። «ጠዋት አንቺው ራስሽ...»

«ጠዋት ያልኩትን ጠዋት ብያለሁ። ሰውዬው ቁሞ እየሄደ መደቡ አይነሳም። ዘንድሮም አለን፣ ለከርሞም አለን።»

ለከርሞ ስትል ዳኘ ልቡ ደነገጠ። ሐኪሟ ስለ ኩላሊቱ ያለችውን አልነገራትም፤ ማታ መንገር ይኖርበታል። አሁን ግን አይነግራትም። ወንዳፈረው ኮፍያውን ከነዕጣው መሬት ላይ ወረወረ፣ በዚህ ዓይነት መስቀል እዚሁ ያልፍብናል ብሎ አጉረመረመ፤ ሌሎቹ ግን መሳቅ ጀምረው ነበር፣ እሱም ቆይቶ ሳቀ። ዳኘ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስምንቱን መደብ ወደ መሃል ሰበሰበና እንደገና ከሻኛው ጀመረ። አስካለች ሳህኑን አምጥታ ከጎኑ ቆመች።

«መጀመሪያ ምሳህን ብላ» አለችው፣ ከዚያ ደግሞ፣ «ከሻኛው ለኛም አድርግ፤ ከሺንሺቾ እንግዳ ይመጣል።»

እያለቀሰች እንደሆነ ከድምፅዋ አወቀ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም፣ ዘጠነኛውን መደብ እያስተካከለ ነበር።